ጋሼ «ግዢው» ያሉኝ ቀን

ጋሼ «ግዢው» ሲሉኝ መጀመሪያ ለእኔ የተናገሩ አልመሰለኝም። ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመ ሰው ፈለግኩ። ማንም የለም። ጠባቧ የመስታወት ክፍል ውስጥ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን፤ እኔ፣ ጋሼ፣ እና ከጠረጴዛው ማዶ ወረቀት በወረቀት ላይ የሚደራርብ አንድ ክራባታም ፈረንጅ።

ሰውየው አንዲት ያገለገለች ግራጫ መኪና ሸጦልኝ ጨርሷል። የቀረችው አንድ ወረቀት ናት፤ ኤክስቴንድድ ዋራንቲ። ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ቢበላሽ ለሦስት ዓመት እኛ እናሠራልሻለን የምትል ውል። ገና ማስረዳት ሳይጀምር «ኖ፣ ታንክ ዩ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሼ ባሉበት ዋራንቲ አይገዛማ! ይህን በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ ሁሉ ያውቃል።

«ግዢው፣ ልጄ» አሉ እንደገና፣ ከወትሮው ከፍ ባለ ድምፅ።

ክው አልኩ። በሕይወቴ ብዙ የሚያስደነግጥ ነገር ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ከሌላ ስቴት ደውሎ «አልመለስም» ሲለኝ ድስት እያማሰልኩ ነበር፤ ማማሰሌን አላቆምኩም። ያን ቀን ግን የያዝኩት እስክሪብቶ ከእጄ ወደቀ።

ድንጋጤዬ እንዲገባችሁ ጋሼን ማወቅ አለባችሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ብጽፈው እዚህ ከተማ ግማሹ ሰው ያውቃቸዋል። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ መካኒክ ናቸው። ሚኒሶታ ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ የትምህርት ቤት አውቶብስ ነዱ። መኖሪያቸው ብሩክሊን ሴንተር ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏል። እኔን መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በረዶ ላይ፣ «ፍሬኑን አትርገጪው፣ ዳብሺው» እያሉ። ባለቤቴ የሄደ ሰሞን ደግሞ ቁም ሣጥኔን በጀርባቸው ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ በሕይወት የሉም። ቢኖሩም ከዚህ በላይ የሚያደርጉልኝ አይመስለኝም።

እና የእኛ ሰው ያገለገለ መኪና ሲገዛ ጋሼን ይዞ ይሄዳል። ልማድ ሆኗል። ቅዳሜ ጠዋት ከቤታቸው ይወስዷቸዋል። ጋሼ ከኋላ ኪሳቸው ቀይ እጀታ ያላት ረጅም ካቻቢቴ ያወጣሉ። ኮፈኑን ያስከፍታሉ፣ ሞተሩን ያስነሣሉ፣ የካቻቢቴዋን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታዋን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ ሁሉም ጸጥ ይላል። ሲለፈልፍ የቆየው ሻጭ እንኳ ሳያውቀው ዝም ይላል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ከሁለት አንዱን ይናገራሉ። ጥሩ ከሆነ «ይኼ ያደርስሻል» ይላሉ፤ መጥፎ ከሆነ «ዝጊውና ምሳ እንብላ» ይላሉ። ክፍያቸው ያው ምሳው ነው። ገንዘብ አውጥቶ የዘረጋላቸው ሰው እስከ ዛሬ ይወቀሳል።

ዋራንቲን በተመለከተ ደግሞ ሕጋቸው አንድ ነበር። «መካኒክ የሌለው ሰው ይግዛ» ይላሉ። ውሉን ይዞ የሚለማመጥ ሻጭ ሲገጥማቸው ወደ እኛ ዞር ብለው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው ይስቁበት ነበር፤ ሻጩም ምስጋና መስሎት አብሮ ይስቃል።

ታዲያ እኒህ ሰው ናቸው «ግዢው» ያሉኝ።

ያቺ መኪና ደግሞ ለእኔ የቅንጦት አልነበረችም። ቤቴ ኒው ሆፕ ነው፤ ሥራዬ ኤደን ፕሬሪ፣ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያሸግኩ። የምገባው ጎህ ሲቀድ ነው፤ በዚያ ሰዓት እዚያ የሚያደርስ አውቶብስ የለም። የድሮዋ መኪናዬ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ጥላኝ ከሥራ ቀርቻለሁ። በሁለተኛው ቀን ሱፐርቫይዘሬ ቢሮዋ ጠርታ «ሦስተኛ ከቀረሽ መምጣት አያስፈልግሽም» ብላ አስፈርማኛለች። ልጄን የማሳድገው ብቻዬን ነው። መኪናዋ ከቆመች ሥራው ይቆማል፣ ሥራው ከቆመ ቤቱ ይቆማል። ያጠራቀምኩት ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ከተሳሳትኩ ሁለተኛ ዕድል የለኝም። ጋሼም ይህን ያውቃሉ።

ለምን ግዢ አሉኝ? ሞተሩ ችግር ካለበት «ዝጊውና ምሳ እንብላ» ይሉኝ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ግን ካቻቢቴዋን ከጆሯቸው አንሥተው «ይቺ ታደርስሻለች» ብለውኛል። ወይስ ሊፈትኑኝ ነው? ቀልድ እንዳይሆን ፊታቸውን አየሁ፤ ቀልድ የለበትም። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ደሜ ፈላ። አንድ ባለጌ ተናግሯቸዋል! መኪናው የተበላሸበት አንዱ «ጋሼ ደህና ነው ብለውኝ ነው ጉድ የሆንኩት» ብሎ አስቀይሟቸዋል። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወረቀት ግዢ ይሉኛል። እኔ ደግሞ እዚህ ፈረንጅ ፊት ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀት ብገዛ፣ የጋሼን ጆሮ አላምንም ማለቴ አይደል? ሞቼ ነው ቆሜ!

«እርስዎ እያሉ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» አልኳቸው። «ለእኔ የእርስዎ ጆሮ ይበቃኛል።»

ጮክ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት። ጋሼ ስናገር አፍ አፌን ያዩኝ ነበር። ከጨረስኩ በኋላም ትንሽ እዚያው አፌ ላይ ቆዩ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ያለችውን ካቻቢቴ ማገላበጥ ጀመሩ። ሦስተኛ «ግዢው» አላሉም።

ፈረንጁ ትከሻውን ሰብቆ አንድ ካርድ ሰጠኝ። ሐሳቧን ከቀየረች እስከ ሠላሳ ቀን ተመልሳ መግዛት ትችላለች አለ፣ ለጋሼ ይመስል ወደ እሳቸው እያየ። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ጣልኩት። ምሳ ላይ ጋሼ ክትፏቸውን በልተው አልጨረሱም። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ የሰው ክብር ያዳንኩ መስሎኝ ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻዬን በላሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ከኋላ ወንበር ስልኳን አስቀመጠች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስልኳን በራሷ ፈቃድ ስታስቀምጥ ማየት ራሱ ያስደነግጣል።

«ማም፣ ዋት ኢዝ ዛት ሳውንድ?»

«የምን ድምፅ?»

«ዛት። ታክ፣ ታክ፣ ታክ።»

እኔም ሰምቼዋለሁ። ከሰማሁት ሦስት ቀን ሆኖኛል። «ጋሼ ሰምተዋታል፤ ደህና ናት» አልኳት።

«ባት አይ ካን ሂር ኢት፣ ማም።»

መዝሙሩን ከፍ አደረግኩት። እንግዲህ ሰው ምን ያህል ሞኝ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ለሚፈልግ ይኸው፤ በገዛ ጆሮዬ የምሰማውን ድምፅ፣ ሌላ ሰው ደህና ናት ስላለ በመዝሙር ሸፈንኩት።

ያም ሆኖ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናዋን ወደ ጋሼ አመጣኋት። የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጋሼ ካቻቢቴዋን አወጡ። እንደ ልማዱ ጥቂት ሰው ከበበን፣ ጸጥ አለ። በሩ አጠገብ ቆሜ እንኳ ታክ ታክታው ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ከወትሮው በጣም ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። እጀታዋን ከቀኝ ጆሯቸው ወደ ግራ አዛወሩ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ካቻቢቴዋን በመሐረብ ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ። «ይቺን ወርክሾፕ ውሰጃት» አሉኝ። «በመሣሪያ ይዩልሽ።»

ሳቅኩ። «በመሣሪያ! እርስዎ ያላገኙትን መሣሪያ ሊያገኘው?»

ከከበቡን ሰዎች አንድ ሁለቱ ፈገግ አሉ። ከሁሉ የምቀርባት ጓደኛዬ፣ ብሩክሊን ሴንተር ነርሲንግ ሆም የምትሠራው፣ መሬት መሬት ታይ ነበር። ያን ጊዜ ጫማዋን የምታይ መስሎኛል።

«ውሰጃት ነው የምልሽ» አሉ ጋሼ። «ነገ ዛሬ ሳትዪ።»

አልወሰድኳትም። ትሕትናቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ካርዱ ላይ ካለው ሠላሳ ቀን ገና ሳምንት ይቀር ነበር፤ እሱም ትዝ አላለኝም። አሁን ሳስበው በጣም የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ጋሼን አባቴ ናቸው እላለሁ፤ ሲናገሩ ተነሥቼ እቆማለሁ፤ ሁለት ጊዜ በግልጽ አማርኛ ያዘዙኝን ግን ሁለቱንም ጊዜ አልታዘዝኩም። አክብሬ አክብሬ፣ ቃላቸውን ረገጥኩት።

መኪናዋ የሞተችው ሠላሳው ቀን ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከሥራ ወጥቼ በዋን ሲክስቲ ናይን አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን እየነዳሁ ነበር። ከቀትር በኋላ ነው፤ ቀጭን በረዶ ይበናል። ታክ ታክታው በድንገት ቋ! ቋ! ሆነ፤ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ተሰበረ፤ ከዚያ ምንም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ በአንዴ ቦግ አለ። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። እየተንከባለልኩ ዳር ያዝኩ። ግዙፍ የጭነት መኪኖች አጠገቤ ሲያልፉ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች።

ቶው ትራክ መጥቶ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደን። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም አልቆየም። «ኢንጅኑ አልቋል» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ያን ካርድ የሰጠኝ ሰውዬ የላከው ይመስል፣ «ዋራንቲ አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወደ ጓደኛዬ ደወልኩ። ከሥራ ወጥታ ልትወስደኝ መጣች። መኪናዋ ውስጥ ስገባ እያለቀስኩ ነው፤ ነገ ጠዋት ሥራ እንዴት እንደምገባ አላውቅም፤ ሦስተኛው ቀን መጥቷል።

«አንቺ ደግሞ» አለችኝ፣ መሐረብ እየሰጠችኝ። «ምን ያስለቅስሻል? ዋራንቲው ከቨር ያደርገው የለ?»

«የምን ዋራንቲ?»

መኪናውን ወደ ነዳጅ ማደያ አስገብታ አቆመች። «በነጋታው ተመልሰሽ አልገዛሽም?»

«ለምን ብዬ? ጋሼ ሰምተዋታል እኮ!»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሰው እንደምታረዳ ሆና ነገረችኝ። ጋሼ አይሰሙም። መጀመሪያ አንዱ ጆሯቸው ደከመ፤ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ሁለቱም ጠፉ። ፊት ለፊት ከሆንሽ ከንፈርሽን አይተው ይመልሳሉ፤ የሚያውቁትን ሰው ንግግር ግማሹን ገምተው ይጨርሱታል። የጆሮ ማዳመጫ ማሽን ያድርጉ ቢባሉም እምቢ አሉ። ሞተር ግን ከንፈር የለውም።

«ታዲያ ለምን ይዛችኋቸው ትሄዳላችሁ?» ጮህኩባት።

«እና ምን እናድርግ? ከእንግዲህ አንፈልግዎትም እንበላቸው? ሴትየዋ ሞቱ፣ ቤቱ ባዶ ነው፤ ቅዳሜም ከቀረባቸው ምን ቀራቸው? ይዘናቸው እንሄዳለን፣ ያዳምጡልናል፣ ምሳ እንጋብዛቸዋለን። በነጋታው ብቻችንን ተመልሰን ዋራንቲውን ሳይን እናደርጋለን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

«ቄሱም?»

«ቄሱማ የመጀመሪያው ናቸው።»

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ስንት መኪና፣ ስንት ቅዳሜ፣ ስንት ምሳ! ያ ሁሉ ሰው ጋሼ ጆሯቸውን ሲደቅኑ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ የሚቆመው ለቲያትር ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ የምር ጸጥ የምለው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንቺ ልጃቸው ማለት ነሽ» አለችኝ፣ እሷም ማልቀስ ጀምራ። «ከማንም በፊት የምታውቂ መስሎን።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ፣ ሳምንት በሳምንት ቤታቸው የምገባው፣ አላየሁም። ባየሁስ? ልጄ የቴሌቪዥናቸው ድምፅ ለምን እንደጠፋ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ነበር። «የሰው ቤት ገብተሽ አትፈትፍቺ» ብዬ ተቆጥቻታለሁ።

ጓደኛዬን ጋሼ ቤት አድርሺኝ አልኳት። ልጮህባቸው ነው የሄድኩት፣ አልዋሽም። እንዲህ እያሰብኩላቸው እንዴት ይዋሹኛል? የልጄን እንጀራ እንዴት ለክብራቸው ይለውጡታል? የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ ደርድሬ ጨረስኩ።

ደወሉን ደወልኩ። መልስ የለም። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። መኪናቸው ደጅ ቆሟል። በመስኮቱ ጠጋ ብዬ ሳይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ከሥሩ ጽሑፍ ይሮጣል። መስታወቱን በጣቴ፣ ከዚያ በመዳፌ፣ ከዚያ በቁልፌ መታሁት። የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ ጎረቤትየዋ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ጋሼ ብርቱካናቸውን ይልጣሉ።

እንዲህ እየደበደብኩ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ጓደኛዬ ስትነግረኝ በጆሮዬ ብቻ ነው የሰማሁት፤ አሁን በዓይኔ አየሁት። ቤቱ ቢቃጠል፣ ሌባ ቢገባ፣ እኔ ደጃቸው ላይ ብሞት አይሰሙም። ይህን ተሸክመው ሦስት ዓመት ብቻቸውን ኖሩ። የደረደርኩት ስድብ ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

የብርቱካኑን ልጣጭ ሊጥሉ ሲነሡ አዩኝ። ደንግጠው ሮጠው በሩን ከፈቱ።

«መቼ መጣሽ?»

«አሁን» አልኩ።

ከትከሻዬ በላይ አሻግረው መንገዱን አዩ። ግራጫዋ መኪና የለችም፤ የጓደኛዬ ናት የቆመችው። አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ዓይኔ አዩና ሁሉም ነገር ገባቸው።

«ቆመች?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ግዢ ብዬሽ ነበር» አሉኝ። ወቀሳ አልነበረበትም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

ተቀመጥን። መብራቱን አበሩና ፊቴን ወደ ብርሃኑ እንዳዞር በእጃቸው አሳዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ፣ ሳያፍሩ ነው ያደረጉት። ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አውቃለሁ እንጂ» አሉ። «ሌላ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ቤቴ ሲመልሱኝ ናፕኪን ስፈልግ የመኪናቸውን መሳቢያ እከፍታለሁ። ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ሰማያዊ የዋራንቲ ፖስታ አለ። ቄሱም ጋ አለ።» ትንሽ ሳቁ። «ደግ ሕዝብ ነው። እነሱ ዝም ካሉልኝ እኔ ምን ልናገር? ዓርብ ማታ ስልኬ ሲበራ ሰው ፈለገኝ ብዬ ደስ ይለኛል።»

«እኔንስ ታዲያ? እኔንስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩሽ!» አሉ፣ አሁን ግን ተቆጥተው። «ሌላው ሰው ተመልሶ እንደሚገዛ ስለማውቅ ዝም እለዋለሁ። አንቺ ግን እኔን አምነሽ እንደማትመለሺ አውቃለሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው የምትጎጂው አንቺ ብቻ ነሽ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ‹ጆሮዬ የለም› ማለት አቃተኝ፤ ይቅር በይኝ፣ ያቺን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ‹ግዢ› ማለት ግን ቻልኩ። ለማንም ብዬ የማላውቀውን ለአንቺ አልኩ። በቃ ትረዳኛለች አልኩ።»

እንደዚያ ያለ ድንጋጤ ደንግጬ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ሞተሩ ሲሰበርም እንደዚያ አልሆንኩም። ያን ቀን በዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ ጋሼ የዕድሜ ልካቸውን ክብር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር። እኔ አንሥቼ ኪሳቸው መለስኩላቸው፤ ያውም እየፎከርኩ። አለቀስኩ። ጋሼ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው አንድ ጥቅል የወጥ ቤት ወረቀት ሙሉውን አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

ሳበቃ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ...»

«ዓይኔ ደህና ነው። ሞተሩንም አትስጊ፣ ከአሮጌ መኪና የወረደ ፈልጌ እገጥምልሻለሁ። ሞተር ለማውረድ ለመስቀል እጅ ነው የሚያስፈልገው።»

በማግስቱ ኒው ሆፕ ደጄ ላይ ሲደርሱ እኔ ጫማዬን እንኳ አላሰርኩም። ልጄ በመስኮት አይታ «ሂ ኢዝ ኧርሊ» አለች፤ ለትምህርት ቤት አውቶብሷ ገና ብዙ ጊዜ ስለነበራት ተመልሳ ተኛች። ጋሼ እንደ አውቶብስ ሾፌር ነው የሚነዱት፤ ሁለት እጅ መሪው ላይ፣ በየደቂቃው መስታወት እያዩ። ዋን ሲክስቲ ናይንን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ሰማዩ ገና መቅላት መጀመሩ ነው። ሁለታችንም ዝም ብለናል፤ ቢያወሩኝም ለመመለስ ፊቴን ማዞር አለብኝ፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ከመንገዱ መንቀል አለባቸው። መንዳታቸው ይሻለናል።

ከሩቅ ሳይረን ሰማሁ። ከኋላችን ነው፣ ገና መብራቱ አይታይም። ጋሼን አየኋቸው፤ ምንም። አፌ ሊጮህ ተከፈተና መልሶ ተዘጋ። እጄን ዘርግቼ ክንዳቸውን ነካሁ።

ወዲያው ወደ መስታወቱ አዩ። አልጠየቁኝም። ፍሬቻ አበሩ፣ ቀስ ብለው ዳር ያዙና ቆሙ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አምቡላንሱ አጠገባችን ሲያልፍ መኪናዋን ወዘወዛት። ጋሼ ቀይ መብራቱ ርቆ እስኪጠፋ በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«መቼ ሰማሽው?»

«ገና ሩቅ ሳለ።»

«ጥሩ ጆሮ አለሽ» አሉኝ። ፍሬቻውን ወደ መንገዱ አዞሩና፣ ከመግባታቸው በፊት አንድ ጊዜ እንደገና አዩኝ። «ታዲያ የገዛ መኪናሽን ድምፅ እየሰማሽ ለምን እኔን ጠየቅሽኝ?»

መንገዱ ነጻ ሲሆን ገቡ፤ ሥራ ቦታዬ ደጃፍ ያደረሱኝ ሰዓቱ ሳይሞላ ነበር።